ቅርብ ነሽ

ሐሙስ ከሰዓት ነው። ላፕቶፔን ገልጬ፣
ማራኪ ግቢን ከነዛፉ ካርታ ላይ አስቀምጬ፣
ከአዳራሹ ደጃፍ አንዲት ነጥብ ተክዬ፣
ሦስት መቶ ሜትር ዙሪያዋን ከለልኩ፣ «ይበቃናል» ብዬ።

ወረቀት ብንለጥፍ ዝናብ አጠበብን፣
ከዝናብ የተረፈውን ፍየል በላብን፤
ድምጽ ማጉያ ይዘን ብንጮህ ከምግብ ቤቱ በር፣
ተማሪው ጆሮውን ደፍኖ ያልፍ ነበር።
እኔም ለኮሚቴው፦ «ማስታወቂያው ራሱ ሰው ይፈልግ፣
ክቡን የረገጠ ሁሉ ስልኩ ድምጽ ያድርግ፤
በስሙ ይጥራው፦ ‹ቅርብ ነህ›፣ ‹ቅርብ ነሽ፣
የግጥም ምሽት አለ፣ ጥቂት እርምጃ ነው የቀረሽ›።»

ኮዱን የጻፈው ባዩህ ሳቀ፦ «ድሮ በነጋሪት፣
ዛሬ በኪስ ንዝረት!»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንበር ደረደርን፣
ማይኩን «አንድ፣ ሁለት» እያልን ሞከርን።
ሁለት መቶ ወንበር፣ ዐሥራ ሰባት ሰው፤
ግማሹ ገጣሚ፣ ግማሹ ጓደኛው ነው።
ለካስ ተማሪው ሁሉ ዳታውን ዘግቷል፣
ገሚሱም ኳስ ሊያይ ፒያሳ ወርዷል።

ያኔ ነው ጋሽ ጓዴ ከበር የደወሉ፤
«አንዲት ሴት መጥታለች፣ ና እስቲ ቶሎ» አሉ።

ወርጄ ሳይ ቆማለች፤ ነጠላዋ ላይ ቁራጭ ክር፣
አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ የልብስ ሰፊ ሜትር።
መታወቂያ የላትም። የተሰነጠቀ ስልክ ዘረጋችልኝ፣
«የጎረቤት ልጅ ነው» አለች፣ «ያነበበልኝ፤
የልጄ ስልክ ነው። ‹አትጠገብ፣ ቅርብ ነሽ› ይላል።
መኪናዬን ሳላቆም ሮጥኩ። የት ጋ ትሆናለች? ማን ያሳየኛል?»

ገባኝ።
አትጠገብ፦ የዛሬ ሁለት ዓመት ከዚሁ ግቢ የተመረቀች፣
ሥራ አለ ብለዋት በመተማ ያለፈች፣
አሮጌ ስልኳን ለእናቷ የተወች፣
ከመስከረም ወዲህ አንዴም ያልደወለች።

የእናቲቱ ሱቅ ከአጥሩ ማዶ ነው፤
እኔ የሣልኩት ክብ አጥሩን ዘሎ ነካው።
አጥር ይጣመማል፣ ክብ ግን አይጣመም፤
ካርታ ርቀት እንጂ በር አያውቅም።
ሳተላይቱ ከላይ ስልኩን አየና፣
የያዘውን እጅ ሳይጠይቅ «መጣች» አለና…

ምን ልበላት? «ቅርብ ያለው ስልኩን ነው» ማለት አቃተኝ።
«ይግቡ» አልኳት። ጋሽ ጓዴ ዝም ብለው አዩኝ፤
መዝገባቸውንም ዘጉት።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከጫፍ ተቀመጠች፣
በሩ ሲከፈት ሁሉ ዘወር እያለች።
ከሕክምናው ግቢ የመጣ ልጅ ስለ ጨረቃ ሲያነብ፣
እሷ የላላ ቁልፉን ታያለች፤ ሊወድቅ ነው፣ ብላ ስታስብ።
ሲጨርስ ጠራችው። ከነጠላዋ ጫፍ መርፌ አወጣች፣
እዚያው እንደቆመ፣ ሳታወልቀው ሰፋች፤
ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ስትወጣ፦ «ደግሞ መቼ ይላል?» አለችኝ።
«ምኑ?»
«ቅርብ ነሽ የሚለው።»
«በሁለት ሳምንት። ሐሙስ።»
በጣቷ ቆጠረች። በሜትሩ አልለካችም።

ሌሊት ሪፖርቱን ከፈትኩ።
መልእክት የደረሳቸው፦ አራት መቶ ስድሳ።
መልእክቱን ከፍቶ የመጣ፦ አንድ።
ስም፦ አትጠገብ።

ባዩህ ጻፈልኝ፦ «ስህተት ነው፣ ሰርዘው፤
ክቡንም እስከ አጥሩ ድረስ አጥብበው።»
እውነቱን ነው። ጣቴን ጠርዙ ላይ አኖርኩ፣
ትንሽ ወደ ውስጥ ሳብኩ።
በመስኮቱ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አንድ መብራት በርቷል፤
የስፌት መኪና እየሮጠ፣ ቆም እያለ ይሰማል።
ቆም ሲል፣
ስልኩን እያየች መሰለኝ።

ጣቴን አነሳሁ።
ሦስት መቶ ሜትር፣
እንደነበረ።